ያልደረቀ እንጨት

ሰው ስላፈረበት ነገር ለመጻፍ ሲነሣ እጁ ይከብደዋል። ሆኖም እኔ የሠራሁትን ጥፋት ሌላው እንዳይደግመው፥ ከጥፋቱም ያገኘሁት ትምህርት ከእኔ ጋር ብቻ እንዳይቀር በማሰብ ይህን ጥቂት ቃል አቀርባለሁ።

የምንኖረው በአቃቂ ነው። ከቤታችን ጓሮ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ አንዲት ትንሽ ዳስ አለች፤ አጎቴ የአናጢነት ሥራቸውን የሚሠሩት በዚያች ዳስ ውስጥ ነው። መጋዙና መሮው፥ መላጊያውና መዶሻው በግድግዳው ላይ በየተራቸው ተሰቅለው ይታያሉ። ጣውላ፥ ኮላ፥ የማዕዘን መለኪያው ስኳድራ፥ እንጨት ጨምድዶ የሚይዘው ሞርሳ፥ ስማቸው ከጣሊያንኛ የመጣ መሆኑን የሰማሁትም እዚያው ነው። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ሰጋቱራውን እየጠረግሁ አድጌአለሁ።

ነገር ግን እውነቱን ልናገር። ጓደኞቼ “አጎትህ ምን ይሠራሉ?” ብለው ሲጠይቁኝ “የፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው” እላቸው ነበር። አቃቂ የፋብሪካ ሰፈር ስለሆነ ማንም አልተጠራጠረኝም። በልቤም አናጢነት ማንም ሰው ሳይማረው የሚሠራው ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት አጎቴ ለሥራ ወደ አዳማ ሄደው ሳለ፥ እናቴ እንጀራ ሸጣ ካጠራቀመችው ገንዘብ ላይ አውጥታ ለታናሽ እኅቴ የማጥኛ ጠረጴዛ ልትገዛላት አሰበች። እኅቴ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ስለሆነች የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ይጠብቃታል። እኔም ደረቴን ነፍቼ “ለምን ይገዛል? እኔ እሠራዋለሁ” አልሁ። ገንዘቡንም ተቀብዬ በርካሽ ዋጋ የባሕር ዛፍ ጣውላ ገዛሁ። ጣውላው ከባድ፥ ሲዳስሱትም ቀዝቃዛ ነበር። አዲስነቱ ነው ብዬ ደስ አለኝ እንጂ ውሃ መሆኑን አላስተዋልሁም። በ3 ቀን ውስጥ ቆርጬ፥ በምስማር መትቼ፥ ቫርኒሽ ቀብቼ አብለጨለጭሁት። እናቴም መረቀችኝ። ያን ምርቃት ሳስታውስ ዛሬም ይከነክነኛል።

የኅዳር ደረቅ ነፋስ በነፈሰ ጊዜ ጠረጴዛው ማታ ማታ ቋ፥ ቋ ማለት ጀመረ። እኅቴ “ጠረጴዛህ ሌሊት ያወራል” ብላ ሳቀችብኝ። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ግን ገጹ ተቆለመመ፥ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ፥ እግሮቹም ተነቃነቁ። እኅቴ ደብተሯን ይዛ እንደ ቀድሞው አልጋ ላይ ወደ ማጥናቷ ተመለሰች። እናቴ አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ ዝምታዋ ግን ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

አጎቴ በተመለሱ ጊዜ ጠረጴዛውን ገልብጠው አዩትና “ልጄ፥ እጅህስ ደኅና ነው፤ ልብህ ነው የቸኮለው” አሉኝ። ከዚያም ነገሩን አስረዱኝ። እንጨት ከተቆረጠ በኋላም በውስጡ ብዙ ውሃ ይይዛል። ውሃው ሲወጣ በወርዱ ይኮማተራል፤ በቁመቱ ግን እምብዛም አይቀንስም። በምስማር ተጠፍሮ የተያዘ እርጥብ ጣውላ መኮማተሪያ ስለሚያጣ ይሰነጠቃል። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ የሆነውና በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ በመጣመምና በመሰንጠቅ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጣውላ ከጥላ ሥር፥ ነፋስ እንዲያገኘው በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየተጋደመ ተደርድሮ ይቆያል። ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ለሆነ ጣውላ አንድ ዓመት ያህል መጠበቅ የቆየ የአናጢዎች ልማድ ነው።

እኛ ግን አንድ ዓመት የምንጠብቅበት ጊዜ አልነበረንም። ስለሆነም አጎቴ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ የዝግባ ጣውላ ፈልገው አመጡ። ብዙ ዘመን የደረቀ በመሆኑ ሲያነሡት ቀላል ነበር። እኔም ዋጋውን በየቅዳሜው ለእርሳቸው በመሥራት ልከፍል ተስማማሁ። በመጀመሪያ የተደበቀ ምስማር የመላጊያውን ስለት እንዳይሰብረው አንድ በአንድ ነቀልሁ። ከዚያም የእንጨቱ ጅማት ወደ ተኛበት አቅጣጫ መላጊያውን ገፋሁ፤ በተቃራኒው ሲገፉት ይቦጫጨቃልና። እግሮቹንና ማያያዣዎቹን በምስማር አልመታኋቸውም፤ የአንዱን ጫፍ እንደ ምላስ አውጥቼ፥ በሌላው ላይ በመሮ ልኩን ፈልፍዬ፥ በኮላ አጋጠምኋቸው። የላዩን ገጽ ግን በሞላላ ቀዳዳ በብሎን አሰርነው። የደረቀ እንጨትም ቢሆን በክረምት ጥቂት ያብጣል፥ በበጋ ይኮማተራል፤ ስለዚህ መንቀሳቀሻ ያሻዋል። በብርጭቆ ወረቀትም በቁጥር 80 ጀምሬ፥ በ120 አልፌ፥ በ220 ጨረስሁ። ቫርኒሹን በስሱ 3 ጊዜ፥ በየመካከሉ አንዳንድ ቀን እያደረቅሁ ቀባሁት። እርጥበት በአንድ ወገን ብቻ ገብቶ እንዳያጣምመውም ከሥሩ ጭምር ቀባሁ።

በዚያ ሰሞን ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያዎች እንዳይሰደቡ በዐዋጅ መከልከላቸውን አነበብሁ። ንጉሡ ከ100 ዓመት በፊት የከለከሉትን ንቀት እኔ በገዛ ቤቴ፥ ባሳደጉኝ ሰው ላይ ይዤው መኖሬን ሳስብ ፊቴ ጋለ። በማግሥቱ ለጓደኞቼ “አጎቴ አናጢ ናቸው፤ ዋሽቻችሁ ነበር” አልኋቸው። ይሥቁብኛል ብዬ ስጠብቅ፥ አንዱ “እንግዲያው የቤታችንን በር ይጠግኑልን ይሆን?” ብሎ ጠየቀኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ እርጥብ እንጨት በቫርኒሽ ቢያብለጨልጭም ነፋስ ሲመጣ ራሱን ይገልጣል። እኔም እንደዚያው ነበርሁ። አሁን እኅቴ በዝግባው ጠረጴዛ ላይ ታጠናለች፤ ጠረጴዛውም ሌሊት አያወራም። እኔ ግን የ3 ቅዳሜ ዕዳ ይቀረኛል።