በሳሎናችን ያለችው የባሕር ጦርነት ሥዕል

ኮልፌ ቀራንዮ በሚገኘው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ከዐድዋ ጦርነት ሥዕል ጐን፣ አንዲት የባሕር ጦርነት ሥዕል ተሰቅላለች። አያቴ በቀድሞው ባሕር ኃይላችን «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ ላይ ሲያገለግሉ፣ ምጽዋ ከነበረ አንድ ግሪካዊ ነጋዴ የገዟት ናት። እኔ ግን ባሕር አይቼ የማላውቅ የኮልፌ ልጅ በመሆኔ ይህችን ጥቁርና ነጭ ሥዕል አልወዳትም ነበር። የዐድዋው ሥዕል ቀለሙ ደማቅ ነው፤ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ይታያል፤ የእኛ ሰዎች ሙሉ ፊታቸው ሲታይ ጠላቶቻችን በአንድ ዓይን ብቻ ተሥለዋል። የባሕሯ ሥዕል ግን ጢስ ብቻ ትመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ቤቱ ቀለም ሲቀባ ሥዕሎቹን ያወረድኩት እኔ ነበርኩ። የዐድዋውን መልሼ ሰቀልኩ፤ የባሕሯን ከቁም ሳጥኑ ኋላ ደበቅኋት። የአያቴን ዓይን ሞራ ስለ ጋረደው አያውቁም ብዬ ነበር። በበዓሉ ማግሥት ግን ግድግዳውን በእጃቸው ሲዳብሱ አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ ሥዕሌ ወዴት ሄደች?» አሉኝ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። አውጥቼ በጉልበታቸው ላይ አኖርኩላቸው።

«እስቲ ያለውን ንገረኝ» አሉ።

መርከቦቹን፣ ሸራዎቹን፣ ሰንደቅ ዓላማዎቹን ቈጠርኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ውሃው ውስጥ ያሉትስ?» አሉኝ። ጐንበስ ብዬ ባይ፣ ከሥዕሏ ግርጌ በተሰበረ ምሰሶ ላይ የተንጠለጠሉ ሰዎች አሉ፤ ሰባት ናቸው። የየትኛው ወገን እንደ ሆኑ አይለይም። አንዲት ጀልባ ወደ እነርሱ ትቀዝፋለች። ዕድሜዬን ሙሉ ከሥሯ ቁርሴን ስበላ አንድ ቀን እንኳ አላየኋቸውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሥዕሏ መረመርኩ። የምታሳየው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ኦክቶበር 20 ቀን 1827 ዓ.ም. በግሪክ አገር በናቫሪኖ ወሽመጥ የተደረገውን ውጊያ ነው። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሩሲያ መርከቦች የኦቶማንንና የግብፅን መርከቦች ድል አደረጉ፤ በሸራ መርከቦች ብቻ ከተደረጉት ታላላቅ ውጊያዎች የመጨረሻው ይኸው ነው። በቦታው የነበረው እንግሊዛዊ ሠዓሊ ጆርጅ ፊሊፕ ሬይናግል በ1828 እንዲህ ያሉ ሥዕሎችን አሳተመ። አሠራሩም በለሰለሰ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ መሣል ነው፤ ድንጋዩ ሲረጥብ ቀለሙ ቅባቱን ብቻ ይይዛል። የጢሱ ልስላሴ የመጣው ከዚህ ነው።

አያቴም ቀድሞ ያልነገሩኝን ነገሩኝ። እርሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ «ኢትዮጵያ» በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሸች፤ ኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በዚያ ዘመን የት እንደ ደረሱ ያላወቋቸው ባልደረቦች አሏቸው። ሰባቱን ሰዎች በእነዚያ ባልደረቦቻቸው ስም እየጠሩ፣ «ጀልባይቱ ደረሰችላቸው?» ይሉኛል። «ልትደርስ ነው፣ አባባ» እላቸዋለሁ።

ዛሬ ሥዕሏ ዝቅ ብላ፣ የአያቴ እጅ በሚደርስበት ቦታ ተሰቅላለች። የዐድዋው ሥዕል ዛሬም ያኰራኛል። ነገር ግን፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሆይ፣ የጦርነት ሥዕል ስታዩ ሰንደቅ ዓላማውን ከመቍጠራችሁ በፊት ግርጌውን እንድትመለከቱ አደራ እላለሁ።