ሳልሲቻና የአትክልት ተራ ሽንኩርት

ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሲወጣ ፓስታውን፣ ሳልሳውንና ፉርኖውን ትቶልን ሄደ። ፒያሳ የሚለውም ስም የነሱ ነው፤ አደባባይ ማለት ነው። ሁሉም ግን አልሄዱም፤ ጋራዥና ምግብ ቤት ከፍተው እዚሁ የኖሩ ነበሩ። ፒያሳ ላይ ስሙ የገነነውን ካስቴሊን የከፈተው ከነሱ አንዱ ነው። ይሁንና ሳልሲቻ እንደ ፓስታው በየቤታችን አልገባም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሳልሲቻ ሲሉ በአብዛኛው የአሳማ ቋሊማ ማለታቸው ነው፤ በአሳማ ጉዳይ ደግሞ እዚህ አገር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ከተስማሙ ቆይተዋል።

አክስቴ ከበሬ ሥጋ ትሠራው ነበር። በወጣትነቷ አንድ ጣልያን ቤት ወጥቤት ሆና ሠርታ እጇ ላይ የቀረ ሙያ ነው። የራሳችንን ቋሊማ የሚያውቅ ሰው አይቸገርም፤ አንጀቱ ተገልብጦ በጨውና በሎሚ ይታጠባል፣ የተከተፈው ሥጋ ከሞራ ጋር ተደባልቆ ይጠቀጠቅበታል። የኛው ቅመም በዝቶበት፣ ደርቆ የሚቆይ ነው። የነሱ ግን እርጥቡን ይበስላል፤ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የእንስላል ፍሬ። እንስላሉን ልብ በሉልኝ! አጥር ሥር በቅሎ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ተክል እኮ ነው። የጣልያን ጣዕም እያልን የምናደንቀው ግማሹ እሱ ነው።

የቀረው የሚሸመተው ከአትክልት ተራ ነበር። ክረምት ከሆነ ጭቃውና የጎመን ቅጠሉ ጫማ ያስወልቃል፤ ከአይሱዙ የሚወርደው የመቂና የዝዋይ ቲማቲም፣ "ዞር በል!" የሚለው ተሸካሚ፣ የበሰበሰው ሽታ… ያ ሁሉ ታልፎ መደብ ዘርግታ የተቀመጠች ደንበኛዋ ጋ ይደረሳል። አክስቴ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ አንገቱን ጫን ጫን እያደረገች ትመርጣለች፤ የለሰለሰውን ትመልሳለች።

"እትዬ፣ ሽንኩርት ነው እኮ! ለልጅዎ ሚስት እየመረጡ ነው እንዴ?" ትላለች ሻጯ። ከዚያ ሁለት ራስ ትመርቅላታለች። ብር ያልሞላ ቀን በዱቤ ነው፤ ወረቀት የለ፣ ዋስ የለ።

ቤት ሲገባ ሽንኩርቱ ለወጥ እንደሚደቀው አይደቅም። የኛ ወጥ ሽንኩርቱን እስኪጠፋ ያቁላላዋል፤ እዚህ ግን ሽንኩርት ሆኖ መቅረት አለበት። ወፈር ብሎ በቁመቱ ይቆረጣል፤ ቃሪያውም ፍሬው ወጥቶ እንደዚያው። ጣልያኖቹ ትልቁን የፈረንጅ ቃሪያ ነው የሚያደርጉት፤ አክስቴ ጥቂት የኛን ካልጨመረችበት "የበሽተኛ ምግብ" ትለዋለች። ቋሊማው ጥቂት ውሃ ተደርጎለት፣ ተከድኖ በዝግታ ይበስላል፤ ውሃው ሲያልቅ በራሱ ስብ ይጠበሳል። በሹካ መውጋት ክልክል ነው፤ ወዙ ከፈሰሰ የሚበላው ቡሽ ነው። ከዚያ እሱ ይወጣና ሽንኩርቱና ቃሪያው በዚያው ስብ ይገባሉ፤ ለስለስ ሲሉ ቋሊማው ይመለሳል። በፉርኖ ይበላል። ታዲያ ከጥብስ በምን ተለየ ብትሉኝ፣ በብዙ አይደለም።

በ2012 ኮሮና ሲገባ ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ለ2013ቱ ጥምቀት ጃንሜዳ መጽዳት ስለነበረበት ሻጮቹ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄዱ። በ2016 ደግሞ ብዙዎቹ የፒያሳ መንደሮች ለኮሪደር ልማት ፈረሱ። ጭቃው ናፈቀኝ የምል ሰው አይደለሁም፤ ቦታው ጠቦ፣ ንጽሕናውም የሚያሳፍር ነበር። ችግሩ ሽንኩርቱ ሲዛወር ዱቤው አብሮ አለመዛወሩ ነው። አክስቴ አሁን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። ከጉሊት በኪሎ ትገዛለች፤ ሲወደድ አንዱን ራስ ለሁለት ቀን ትከፍለዋለች። የዚያችን ሻጭ ስልክ አልያዘችም። በየሳምንቱ የሚያገኙትን ሰው ስልክ ማን ይይዛል?

ባለፈው ፋሲካ ሳልሲቻ እንድትሠራልን ለመንኳት። አንጀቱን ከባለልኳንዳው አገኘሁ፣ እንስላሉን ከሰው አጥር ሥር። ሽንኩርቱን ስታይ አንገቱን ጫን አደረገችው።

"ከማን ገዛኸው?"

"ከሱቅ።"

"ሱቅ ስም የለውም?" ብላ ቢላዋውን አነሳች።