ስታድጊ ይሆንሻል

እናቴ በልኬ ልብስ ገዝታልኝ አታውቅም። ጫማው ሁለት ቁጥር ይበልጣል፤ እጅጌው ጣቶቼን አልፎ ይወርዳል። «ስታድጊ ይሆንሻል» ትላለች። በሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ሻይ እየሸጠች ላሳደገችን ሴት፣ ለዛሬ ብቻ የሚሆን ልብስ መግዛት ብክነት ነበር።

ካፖርቱም እንዲሁ መጣ። አዲሱ የባቡር መስመር በተመረቀበት በ2009 ዓ.ም.፣ ለመምህርነት ጭሮ መመደቤን እንደሰማች ከሳልባጅ ክምር መዝዛ አወጣችው። ሚኤሶ ቆላ ነው፤ ካፖርት የሚያስለብስ ቀን የለውም ማለት ይቻላል። ጭሮ ግን ሽቅብ ነው፤ እናቴ ስለ ደጋ ብርድ የምታወራው ስለ አውሬ እንደምታወራ ነው። የአሸዋ ቀለም ያለው፣ ቁልፉ በሁለት ረድፍ የተደረደረ፣ ወገቡ በቀበቶ የሚታሰር፣ ትሬንች ኮት የሚሉት ዓይነት ነው። ጠርዙ ቁርጭምጭሚቴን ነካ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ቁመቴ አንድ ሜትር ከሃምሳ። ማደግ ካቆምኩ መቆየቴን ለእናቴ የሚነግራት አልተገኘም።

ክፍል በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ «ካፖርቱ ብቻውን መጣ!» ሲል ሰማሁ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስሜን ጽፌ እስክጨርስ ፊቴን አላዞርኩም።

ማታውን ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፌ ሰፋሁት። ባሰበት። ኪሶቹ ከእጄ ሸሽተው ጭኔ ላይ ቀሩ፤ ወገቡ ዳሌዬ ላይ ታሰረ። እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው ጦርነት ምሽግ ውስጥ ለከረሙ የእንግሊዝ መኮንኖች የተለመደ ልብስ ነበርና፣ የትከሻው ማሰሪያ ማዕረግ የሚንጠለጠልበት፣ ደረቱ ላይ የተደረበው ጨርቅም ዝናብ የሚመለስበት ነው። እኔን ያሰበ ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ ጭሮ ገበያ አጠገብ ወዳለ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ወሰድኩት። «ጋሼ፣ ያሳጥሩልኝ» አልኩ። አስለበሱኝና ትከሻዬን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«አቦ፣ ማሳጠሩ ቀላል ነው። ትከሻው ካልተስተካከለ ግን ብታሳጥሪውም የሰው ልብስ ነው።»

እጅጌዎቹን ነቅለው ስፌቱን የትከሻዬ አጥንት ላይ አሳረፉት። ቀበቶው ከሚያርፍበት ቦታ ሦስት ጣት ያህል ጨርቅ ቆርጠው አወጡና መልሰው ገጠሙት፤ ስፌቱን ቀበቶው ሸፈነው፣ ኪሶቹም ወደ እጄ ወጡ። ሁለቱን የቁልፍ ረድፎች አቀራረቧቸው፤ የተራራቁ እንደሆነ አጭር ሰው ያሰፋሉ አሉ። ጠርዙን ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ አድርገው ቆረጡት። የትከሻውን ማሰሪያ ሲፈቱ ግን ተከራከርኩ፤ ያምርብኛል ብዬ አስብ ነበር።

«ምን ማዕረግ አለሽና ነው?» አሉኝ።

ተውኩት። መስታወቱ ውስጥ አንዲት ሴት ቆማለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልብሷ አታንስም።

ደስታዬ ሚኤሶ እስክደርስ ነበር። የተቆረጠው ጨርቅ በፌስታል ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ስንዝር ተኩል ይሆናል። ያን ካፖርት ለመግዛት ስንት ብርጭቆ ሻይ እንደተሸጠ መንገዱን ሁሉ ሳሰላ ወረድኩ። የእናቴን ነገር በመቀስ የነካሁት ያኔ ገና የመጀመሪያዬ ነው።

በሙቀቱ መሃል ለብሼው ገባሁ። ዝም ብላ አየችኝ። «እስቲ ዙሪ» አለች፤ ዞርኩ። ቀበቶውን በሁለት እጇ ያዝ አድርጋ «ለካ ወገብ አለሽ!» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤

«የቀረው ጨርቅስ?»

ፌስታሉን ሰጠኋት። ጨርቁን በመዳፏ ደልድላ አጠፈችና ሳጥኗ ውስጥ፣ ከነጠላዋ ስር አስቀመጠችው።

«ስትረዝሚ ይቀጠላል» አለችኝ።