የሚያነክሰው ሰዓት

በኮተቤ ሌሊቱ ጸጥ ባለ ጊዜ፣ ከአባቴ የወረስሁትን በእጅ የሚሞላ ሰዓት ከጆሮዬ ባስጠጋው፣ ድምፁ እንደ አንካሳ እርምጃ አንዱ ረዝሞ ሌላው አጥሮ ተሰማኝ። እንዲህ ያለው አሮጌ ሰዓት በ1 ሰዓት ውስጥ 18,000 ጊዜ ስለሚመታ ለእያንዳንዱ ምት የሚደርሰው 200 ሚሊሰከንድ ነው፤ ሚዛን ጠባቂው መንኮራኩር የሚያርፍበት ስፍራ ከማእከል ፈቀቅ ያለ እንደ ሆነ ግን ምቶቹ ዕሪናቸውን ያጣሉ፣ ሰዓቱም ቆሞ ሲሞላ በገዛ ራሱ መነሣት ይሳነዋል።

ሰዓቱን የወሰድሁለት አረጋዊ ሰዓት ሠሪ በመንኮራኩሩ ዘንግ ላይ የተሰካችውን የስስ ሞላ ቀለበት በቀጭን ስለት የፀጉር ስፋት ያህል አዞራት፤ አዳመጠ፤ ጥቂት መለሳት። ያን ጊዜ ምቶቹ ተካከሉ። ሰዓት ጊዜውን ሳይስት ሊያነክስ እንደሚችል ከዚያ ወዲህ አስተውያለሁ፤ ሰውም ከቀጠሮው ሳይዘገይ ውስጡ ሊያነክስ ይችላልና፣ ቀርቦ የሚያዳምጠው ጆሮ አይጣ።