ብድር በምድር፦ ከዓመታት በኋላ የተከፈተ የዱቤ ደብተር



ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ስለ ክሬዲት ካርድ ዕዳ ሲያወሩ እንሰማለን። እኛ መቐለ ውስጥ ያንን ካርድ አናውቀውም። የኛ ክሬዲት ካርድ የሱቁ ደብተር ነው። ስኳሩም፣ ዘይቱም፣ የቤት ቆርቆሮውም "ጻፍልኝ" ተብሎ ይወሰዳል፤ ደሞዝ ሲወጣ ወይም ዕቁብ ሲደርስ ይሰረዛል። መያዣው ፊርማ ሳይሆን መተዋወቅ ነው።

ጥቅምት 25 ቀን 2013 ጦርነቱ ሲጀመር ይህ መተዋወቅ ተበጠሰ። ከሰኔ 2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2015 ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክ ተቋርጦ፣ ደሞዝ ቀርቶ ኖርን። አበዳሪው በአንድ በኩል ተበዳሪው በሌላ በኩል ተበተነ፤ ከሁለቱም ወደ አኺራ የሄዱ አሉ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነቱ ተፈርሞ መንገዱ ሲከፈት ሱቆች ተከፈቱ፤ ከሱቆቹ ጋር ደብተሮቹም ተከፈቱ። ኢማሙን እያገዝን በመስጂድ ስንቀመጥ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ከሚመጡብን ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ "የረሳሁት ዕዳ ከዓመታት በኋላ መጣብኝ፤ ልክፈል ወይስ ጊዜው አልፎበታል?"

ከነዚህ አንዱን ስም ሳንጠራ እንንገራችሁ። አንድ ወጣት ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ አዛውንት ነጋዴን አስከትሎ መጣ። አዛውንቱ በጦርነቱ ጊዜ አዲስ አበባ ሄደው ቆይተው ተመልሰዋል። ሱቃቸው ባዶ ሆኖ ነው ያገኙት፤ የተረፈው ቤት ያስቀመጡት ደብተር ብቻ ነው። በደብተሩ ላይ የወጣቱ አባት በ2011 ቆርቆሮና ሲሚንቶ ወስደው 18,400 ብር እንደቀረባቸው ተጽፏል። አባትየው በ2014 አርፈዋል። ልጁ ስለዚህ ዕዳ ሰምቶ አያውቅም። እናቱ ግን "ባለቤቴ የዚያን ቆርቆሮ ነገር ሲያነሳ አስታውሳለሁ" አሉ።

ጭቅጭቁ የተነሳው በመጠኑ ላይ ነው። አዛውንቱ፣ "ወደይ፣ በዚያ ብር ያኔ የምገዛውን ቆርቆሮ ዛሬ ግማሹንም አልገዛበትም። እኔም ለአከፋፋይ ዕዳ አለብኝ" አሉ። ልጁ ደግሞ፣ "አቦይ ሓጂ፣ እኛም ሁለት ዓመት ያለ ገቢ ነው የኖርነው። ደግሞም አባቴ ነው የተበደረው፣ እኔ አይደለሁም" አለ። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ሁለቱም ተጎድተዋል።

መጀመሪያ፣ ዕዳ በጊዜ ብዛት ይሰረዛል ወይ? የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የ1952ቱ፣ በአንቀጽ 1845 ከውል የመነጨ ጥያቄ በ10 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ሊታገድ እንደሚችል ይደነግጋል። ይርጋ ግን የፍርድ ቤቱን በር ነው የሚዘጋው። በዲናችን በኩል የሰው ሐቅ ባለቤቱ እስኪቀበለው ወይም ዐፍው እስኪል ድረስ በትከሻችን ላይ ነው። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ስለ ሶላትም ስለ ጾምም አይደለም፤ ዕዳ ስለመጻፍና ስለማስመስከር ነው፤ በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ ላይ ታገኙታላችሁ። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳ ባለበት ሰው ጀናዛ ላይ ከመስገድ ወደኋላ ብለው፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን እኔ እከፍላለሁ ካሉ በኋላ እንደሰገዱ በሐዲስ ተዘግቧል። ዕዳው ጥቂት ዲናር ብቻ ነበር።

ሁለተኛ፣ የአባት ዕዳ የልጅ ነው ወይ? ዕዳው ከሟች ንብረት ይከፈላል፤ ያውም ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት። ሟቹ ምንም ካልተወ ልጅ ከራሱ ኪስ እንዲከፍል አይገደድም፤ ቢከፍል ግን ለአባቱ ታላቅ ውለታ ነው። በዚህ ቤት አባትየው ቤት ትተዋል። ስለዚህ "እኔ አልተበደርኩም" የሚለው ነገር ልክ ቢሆንም ጉዳዩን አይዘጋውም። ወራሾቹ የተቀመጡበት ቤት ላይ የሌላ ሰው ሐቅ አለበት።

እዚህ ላይ የዙበይር ኢብኑል ዐዋምን (ረ.ዐ) ቤት ማስታወስ ይጠቅማል። ዙበይር ሲሞቱ ዕዳቸው ሁለት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ልጃቸው ዐብዱላህ መሬት ሸጦ ከከፈለ በኋላ ወንድሞቹ ውርሱ ይከፋፈል አሉት። እሱ ግን አራት ዓመት በተከታታይ በሐጅ ወቅት "ከዙበይር ላይ ዕዳ ያለው ይምጣ" እያለ አስጠራ። ከዚያ በኋላ ነው ያከፋፈለው። እኛ ደብተር ይዞ ከሚመጣ ሰው እንሸሻለን፤ እሱ ያልመጣውን ፈለገ።

ሦስተኛ፣ የመጠኑ ጉዳይ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የአዛውንቱ ብሶት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ከጥንት ሊቃውንት ኢማም አቡ ዩሱፍ የገንዘብ ዋጋ ሲለወጥ ዋጋው ይታይ ማለታቸው ይታወቃል። ነገር ግን በ1988 እ.ኤ.አ ኩዌት ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ ዕዳ የሚመለሰው በቁጥሩ እንጂ በዋጋው አይደለም፣ ከዋጋ ንረት ጋርም አይታሰርም ሲል ወስኗል። አዛውንቱ ቆርቆሮ አላበደሩም፤ ቆርቆሮውን በብር ሸጠው ብሩን ነው በዱቤ የተዉት። ስለዚህ ሐቃቸው 18,400 ብር ነው። ከዚያ በላይ ቅድመ ሁኔታ አድርጎ መጠየቅ ወደ ሪባ ይወስዳል። ተበዳሪው ሳይጠየቅ በገዛ ፈቃዱ አሳምሮ ቢመልስ ግን የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱና ነው፤ የተበደሩትን ግመል በተሻለ ግመል መልሰዋል።

ኢማሙ ይህንን ለሁለቱም አስረዱ። በየወሩ 2,300 ብር፣ በስምንት ወር እንዲያልቅ ተስማሙ፤ ሁለት ምስክር ፈረመበት። አዛውንቱ ደስ ብሏቸው አልሄዱም፤ ይህንን ልንደብቃችሁ አንፈልግም። የመጨረሻው ወር ሲደርስ ልጁ ከእናቱና ከእህቱ ጋር ተማክሮ በላዩ ላይ 5,000 ብር ጨመረ። ማንም አላዘዘውም። ያ ገንዘብ የአዛውንቱን ሱቅ አልሞላም። ግን ዛሬ ሁለቱ በመንገድ ሲገናኙ ቆመው ይጨባበጣሉ፤ የአባትየውም ስም ከደብተሩ ተሰርዟል።

አበዳሪ ለሆናችሁም ቃል አለን። የተቸገረ ተበዳሪን እስኪመቸው መጠበቅ የአላህ ትእዛዝ ነው፤ መተው ደግሞ ከዚያ በላይ ሶደቃ ነው። የዘካ ተቀባይ ከሆኑት ስምንት ወገኖች ውስጥ በዕዳ የተያዙ ሰዎች አሉበት። በየሰፈራችሁ ዘካ ስታወጡ ረሃብተኛውን ብቻ ሳይሆን ባለዕዳውንም አስቡት።

የባንክ ብድር የነበረባቸው ነጋዴዎች ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ባንኮቹ ሲከፈቱ በተዘጋው ጊዜ የተቆጠረ ወለድ ጠብቋቸዋል፤ ይነሳልን እያሉ አቤት ብለዋል። ይህ የተጻፈ ውል ስላለበት በዝምታ አይፈታም። ቅርንጫፉ ድረስ ሄዳችሁ የሒሳብ መግለጫ ውሰዱ፤ ዋናውን ብድርና ወለዱን ለይታችሁ እወቁ፤ አቤቱታችሁን በጽሑፍ አስገቡ።

ለእናንተ ለወጣቶች ደግሞ፣ የቆየ ዕዳ ድንገት ሲመጣባችሁ እንዲህ አድርጉ። ሳታጣሩ አትካዱ፤ ሳታጣሩም አትቀበሉ። ደብተሩን አይታችሁ ቀኑን፣ ዕቃውንና የተከፈለውን ጠይቁ። በስልክ ብቻ "ዕዳ አለብህ፣ በዚህ ቁጥር ላክ" ለሚል የማታውቁት ሰው ሳንቲም አትላኩ፤ አታላይ በዝቷል። ሒሳቡ ከታወቀ የምትችሉትን ያህል በወር ከፋፍላችሁ ጻፉት፤ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ያለ ጽሑፍ በፍርድ ቤት ማስረዳት እንደሚከብድም እወቁ። ስትጨርሱ ስማችሁ ሲሰረዝ በዓይናችሁ እዩ። አበዳሪው ከሞተ ወራሾቹን ፈልጉ። ፈልጋችሁ ፈልጋችሁ ካጣችሁ ዑለማ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ በባለቤቱ ስም ሶደቃ ይሰጥ፣ ባለቤቱ ከመጣ ግን ምርጫው የሱ ነው ይላሉ።

ጀናዛ ላይ "ከሟቹ ዘንድ ሐቅ ያለው ወደ ቤተሰቡ ይምጣ" ተብሎ ሲጠራ ሁላችንም ሰምተናል። ያንን ጥሪ ሌላ ሰው እስኪጠራልን ለምን እንጠብቃለን? ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ወረቀት ያዙና ከማን ምን እንደወሰዳችሁ፣ ማን ዘንድ ምን እንዳላችሁ ጻፉ። ቤተሰባችሁ የሚያውቀው ቦታ አስቀምጡት። አባትና እናታችሁንም በአደብ ጠይቋቸው፤ እነሱ ብቻ የሚያውቁት ዕዳ ሊኖር ይችላል።

አላህ ዕዳችንን በዱንያ ላይ የምንከፍል ያድርገን፤ ያለ ዕዳ ያገናኘን። ወሰላሙ ዐለይኩም።