የፊተኛው ወንበር

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ሁለት ወንበሮች ነው። የመጋቢ ሚስት ስለ ጸሎት ወይም ስለ ልጆች አስተዳደግ ብትጽፍ ይሻላል የምትሉ ካላችሁ እውነት አላችሁ። ይሁን እንጂ በተለይ ባልና ሚስት የሆናችሁ ጥቂት ታገሡኝ።

መኪናችን ቮልስ ናት፤ እ.ኤ.አ. የ1967 ሥሪት። ይህችን መኪና የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ፣ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጥታለች። የእኛዋን ባለቤቴ የገዛት ገና ወንጌላዊ ሳለ ነው። ሙሽሮችን አመላልሳለች፤ ሐዘንተኞችን ወደ ቀብር አድርሳለች፤ የመዘምራንን ከበሮና ድምፅ ማጉያ ተሸክማለች። ሞተሯ እስከ ዛሬ ደህና ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌ መኪናውን የሚንቅ ሰው አላየሁም።

ከሁለት ዓመት በፊት ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር መደገፊያው ተሰበረ። ሲደገፉት ወደ ኋላ ይጋደማል። ባለቤቴ በገመድ አሰረው፤ ገመዱም ላላ። እኔም ቦርሳዬንና መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ ወደ ኋላ ወንበር ተዛወርሁ። እሑድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስንገባ እርሱ ፊት ብቻውን፣ እኔ ኋላ ብቻዬን ነበርን። አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ፣ «ፓስተር ታክሲ ጀመሩ እንዴ?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እኔም ከሁሉ ይልቅ ሳቅሁ።

አሁን የምነግራችሁን ግን ያን ጊዜ ለማንም አልነገርሁም። ወንበሩ በተሰበረበት ወር ባለቤቴ ለትልቋ ልጃችን የኮሌጅ ክፍያ ያጠራቀምነውን ገንዘብ፣ አባት ለሞተባቸው ቤተሰብ ሰጥቶ ነበር። መስጠቱ ክፉ አይደለም። ለእኔ ግን አልነገረኝም። የሰማሁት ከአምልኮ በኋላ የሟቹ ሚስት በሰው ፊት አንገቴን አቅፋ ስታመሰግነኝ ነው። እንደሚያውቅ ሰው ፈገግ አልሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ እራት አቀርባለሁ፣ ሸሚዝ እተኩሳለሁ፣ የሴቶች ኅብረትን እመራለሁ፤ ከባለቤቴ ጋር ግን ከፕሮግራምና ከአስቤዛ በቀር አላወራም። የተሰበረው ወንበር ጥሩ ምክንያት ሆነልኝ። «ወንበሩን እናሠራው» ባለኝ ቁጥር «ገንዘብ የት አለ?» እለው ነበር። ቃሉን የምወረውረው ወዴት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጠየቁን ተወ።

ባለፈው ክረምት ባለቤቴ ወገቡን ታመመ። መድረክ ላይ መቆም አቅቶት በወንበር ተቀምጦ ሰበከ። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 እንደሚያዝዘው ሽማግሌዎች መጥተው ዘይት ቀብተው ጸለዩ። እኔም እጄን ጭኜ ጸለይሁ። ጸሎቱን አላቃልልም፤ ነገር ግን እጄ በዚያ ወገብ ላይ ካረፈ ስንት ጊዜ እንደሆነው ሳስብ ደነገጥሁ። በኋላ ያየው ሐኪም መድኃኒቱን ከመጻፉ በፊት፣ «ሲነዱ ምን ላይ ነው የሚቀመጡት?» ብሎ ጠየቀው። ባለቤቴ መሬት መሬት አየ።

በዚህ ምክንያት የመኪና ወንበር ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት ሄድን። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። የሹፌሩን ወንበር ማቆሚያውን አንስተው ወደፊት ሲገፉት ከሐዲዱ ወጣ። ከመቀመጫው ላይ የታጠፈ አሮጌ ጋቢ፣ ከጋቢው ሥር ደግሞ የጣውላ ቁራጭ ነበር። ጋቢውን አወቅሁት፤ ጠፋብኝ ብዬ ቤቱን ሁሉ ያተራመስሁበት ነው። የወንበሩ ልብስ ሲገለጥ ከሥሩ ሌላ ልብስ፣ ከዚያም ሥር ሌላ ነበር። እያንዳንዱ የቀድሞ ባለቤት የፊተኛውን ሳያነሣ ከላዩ አልብሶት አልፏል። ሦስተኛው ሲወርድ ጎማ የተቀባው የኮኮናት ጭረት እንደ ገለባ ረገፈ። በግራ በኩል ሁለት ሞላዎች ተሰብረዋል፤ የአንደኛው ጫፍ ወደ ላይ ቆሟል። ባለቤቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ጣውላ ደግፎ እርሱ ላይ ተቀምጧል።

እኔ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ፣ ደግሞም ዋጋው እንዲቀንስ ብዬ፣ «ጋሼ፣ ከላይ ጥሩ ልብስ ቢያለብሱት አይበቃም?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ሦስት ሰው እንደዚያ ብሎ ነው እኮ እዚህ የደረሰው» አሉኝ።

ሞላውን እንዲበይዱት ሐሳብ ሳቀርብም አልተቀበሉኝም። ሞላ በእሳት ሲነካ ጥንካሬውን ያጣል፤ ሳይቆይ ከብየዳው አጠገብ ይሰበራል። ከመርካቶ፣ ከሌላ አሮጌ ወንበር የወጣ ጤነኛ ሞላ ተፈልጎ ተተካ። የእኔ ወንበር መደገፊያ የተሰበረው ግን ብረቱ ስለሆነ እርሱን በየዱት። ብረቱ ሁሉ በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍጎ ጸረ ዝገት ቀለም ተቀባ። ከሞላው በላይ የቡና ጆንያ ወጠሩ፤ ያለ እርሱ ሞላው ስፖንጁን እየበላ ይጨርሰዋል። ከጆንያው በላይ ጠንካራ ስፖንጅ፣ ከዚያ ላይ ቀጭን ለስላሳ ስፖንጅ ሆነ። አሮጌውን ልብስ አልጣሉትም፤ ስፌቱን ተርትረው ለአዲሱ ልክ አደረጉት።

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ «ካታርቲዞ» የሚል የግሪክ ግሥ ተምሬአለሁ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 የዘብዴዎስ ልጆች መረባቸውን ሲያበጁ የገባው ቃል ይህ ነው። በገላትያ መልእክት ምዕራፍ 6 የወደቀውን ወንድም በየዋህነት ስለ ማቅናት የተጻፈውም በዚሁ ቃል ነው። ለፈተና ሸምድጄው ነበር። ጋሼ ተንበርክከው፣ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው፣ አንድ በአንድ ሲተረትሩ ሳይ ግን ሥራው ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ገባኝ።

ስፖንጁን ሲቆርጡ ቀና ብለው፣ «በጎን ወንበር የሚቀመጠው ማነው? ክብደቱን ላውቅ ነው» አሉ።

እኔ «ማንም» ስል ባለቤቴ እኩል «ባለቤቴ» አለ። ጋሼ አንድ ጊዜ እርሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። ከዚያ መቀሱን አስቀምጠው የኋላውን ወንበር ሊያዩ ሄዱ። ከፍ ሲያደርጉት ጮኹ። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ የእኛው ክዳን የለውም። ሞላው ረግቦ የባትሪውን ጫፎች ቢነካ እሳት ይነሣል። ሰላም አገኘሁ ብዬ ሁለት ዓመት የተቀመጥሁት እዚያ ላይ ነበር። ክዳኑም በዚያው ቀን ተሠራለት።

ልብሱ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ መወጠር ነበረበት። ሰው ሠራሽ ቆዳ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ በብርድ ከተወጠረ ተሸብሽቦ ይቀራል። ጋሼ ፀሐይ ላይ አስጥተው ነው የሚሠሩት። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ሦስት ቀን ፀሐይ አልወጣም። መኪናችንም ያለ ወንበር በግቢያቸው ቆመች። እኛ ደግሞ በዚያ ሳምንት የጾም ጸሎት ስለነበረን ማታ ማታ በእግራችን እንመለስ ነበር። ሐኪሙም ቀስ ብለህ ተራመድ ብሎታል። ጃንጥላው አንድ ነው። በአንድ ጃንጥላ ሥር ከኋላ መሆን አይቻልም።

በሁለተኛው ማታ ተናገርሁት። ቃላቱ ያማሩ አልነበሩም፤ ጭቃ ውስጥ ቆሜ አለቀስሁ። «ለምን አልጠየቅኸኝም?» አልሁት።

ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ «ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ ብዬ ፈርቼ ነው» አለኝ። ተናደድሁ፤ ምክንያቱም እውነት ነበር። እምቢ እል ነበር። ነገር ግን እምቢታዬን መስማት ነበረበት፤ ይህንንም ነገርሁት። እርሱም ይቅርታ ጠየቀኝ፤ «ገንዘቡን ከሰጠሁ በኋላ ለወንበሩ ብር አውጪ ለማለት አፍ አልነበረኝም» አለኝ። ጣውላውና ጋቢው የመጡት ከዚያ ነው። እኔም ሁለት ዓመት በዝምታ እንደቀጣሁት አምኜ ይቅርታ ጠየቅሁት። ቤት ስንደርስ ሁለታችንም በስብሰናል፤ ልጆቹ ጃንጥላ ይዛችሁ እንዴት ብለው ገረማቸው።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጣች። ልብሱን ለመወጠር ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ስፖንጁን ይጫናል፣ ሌላው ጨርቁን ስቦ በብረቱ ጥርሶች ላይ ያሰካል። የጋሼ ረዳት ስላልነበረ እኔ ተጫንሁ፣ ባለቤቴ ሳበ፤ ወገቡን እንዳይጎዳ ተቀምጦ ነው። ጋሼ እየዞሩ ይቆጡናል። አቂላና ጵርስቅላ ትዝ አሉኝ፤ ድንኳን ሰፊዎቹ። ስማቸው በአዲስ ኪዳን ስድስት ጊዜ ሲጠራ አንድም ጊዜ ለየብቻ አልተጠራም። ምን ያህል እንደተጨቃጨቁ አልተጻፈልንም እንጂ አብሮ መስፋት ቀላል አይደለም። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ጣቴን ከጨርቁ ጋር አስክቶብኛል።

ቡናማው ቆዳ ስላልበቃ የእኔ ወንበር ጀርባው ጥቁር ነው። የልጃችን የኮሌጅ ገንዘብ ገና አልሞላም፤ በየወሩ ሁለታችን ቁጭ ብለን እንቆጥራለን፤ አንዳንዱ ወር ቆጠራው በጭቅጭቅ ያልቃል። ወገቡ ግን ቀለል ብሎታል፤ ቆሞ መስበክ ጀምሯል።

በመጀመሪያው እሑድ በሩን ከፈተልኝና ከጎኑ ተቀመጥሁ። አዲሱ ቆዳ ጮኸ። ቀበቶዬን ሳስር «ይመችሻል?» አለኝ።

«ትንሽ ይጠጥራል» አልሁት።

«ጋሼ ሲቀመጡበት ይለሰልሳል ብለዋል» አለና ሞተሩን አስነሣ።