ከመካነ ኢየሱስ እስከ ጋፋት ኮረብታ

እናንተ ባለትዳሮች፤ የጋብቻ በዓላችሁ ሲቃረብ «ዘንድሮስ ወዴት እንሂድ?» ትባባላላችሁ አይደል? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው። ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ ካልሆነም ቢሾፍቱ ወርዶ ዓሣ በልቶ መመለስ። ለሕክምና ወደ ሕንድ አገር የሄዱ ወገኖቻችን ደግሞ አግራ ከተማ ታጅ ማሃል ፊት ለፊት የተነሡትን ፎቶግራፍ ያሳዩናል። ሻህ ጃሃን የተባለው ንጉሥ በሞት ለተለየችው ሚስቱ ለሙምታዝ ያሠራው መቃብር ነው። እኔም ፎቶግራፉን አይቼ «አየህ፣ ባል ማለት እንዲህ ነው!» ብዬ ባለቤቴን ብነካካው፣ «እኔ እኮ በሕይወት እያለሽ ነው የምሠራልሽ» አለኝ። እስካሁን የሠራልኝ የዶሮ ቤት ነው።

እኔ ዛሬ የምጋብዛችሁ ዕብነ በረድ ወደሌለበት፣ የቆመ ግድግዳ እንኳ ፈልጎ ማግኘት ወደሚያስቸግርበት ስፍራ ነው። ሆኖም ለእኛ ለወንጌላውያን አማኞች፣ በተለይም ለባልና ሚስት፣ ተቀምጦ ብዙ የሚነጋገሩበት ኮረብታ ነው። ባለቤቴና እኔ በጥር ወር 2012 ዓ.ም. ሄደን አይተነዋል።

ጉዟችን የተጀመረው ከመካነ ኢየሱስ ነው። እዚህ ላይ ሳቅ እንዳትሉ። በአዲስ አበባ «መካነ ኢየሱስ ልሄድ ነው» ስትሉ ሰው የሚጠይቃችሁ «የትኛዋ ማኅበረ ምእመናን?» ብሎ ነው። እኛ የሄድንባት መካነ ኢየሱስ ግን በደቡብ ጎንደር፣ በእስቴ ያለች ከተማ ናት። የባለቤቴ አክስት የሚኖሩት እዚያ ነው። ጾመኛ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ፣ ወንድማቸው ልጅ ፓስተር መሆኑን እስከ ዛሬ በሙሉ ልባቸው ያልተቀበሉ እናት ናቸው። ደጃፋቸው ስንደርስ ባለቤቴን አገላብጠው ስመው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ የእናንተ ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ትባላለች ይሉኛል። እኛማ ከጥንትም መካነ ኢየሱስ ነን!» አሉት። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. ነው የተመሠረተችው ብሎ ሊያስረዳ ሲጀምር፣ «በል በል፣ መጀመሪያ ቅመስ» ብለው ዝም አሰኙት። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር የቀረበልን ሽሮ ነው። እንደዚያ ያለ ሽሮ በልቼ አላውቅም።

በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ሰሜን፣ ወደ ደብረ ታቦር አመራን። በስተቀኛችሁ የጉና ተራራ ይከተላችኋል። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ጣና ሐይቅ የሚገቡት ርብና ጉማራ ከእርሱ ይነሣሉ። ከባሕር ዳር የምትመጡ ከሆነ ደግሞ መንገዳችሁ ሌላ ነው። በወረታ በኩል፣ ሩዝ የሚበቅልበትን የፎገራን ሜዳ አቋርጣችሁ፣ የዓለም ሳጋን ደን አልፋችሁ ሽቅብ ትወጣላችሁ፤ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየትኛውም በኩል ብትመጡ ጋቢ ያዙ። ከተማው ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለው፤ የጥር ሌሊቱ እንደ አዲስ አበባው አይደለም።

ደብረ ታቦር እንደ ጎንደር ግንብ የላትም። ግንብ ማየት የሚፈልግ ጎንደር ይሂድ። ነገር ግን የጎንደር ነገሥታት ስም ብቻ ቀርቷቸው በነበረበት በዘመነ መሳፍንት፣ አገሩን በእውነት ያስተዳድሩ የነበሩት የየጁ ራሶች መቀመጫቸው ይህች ከተማ ነበረች። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤና ራስ ዓሊ የተዋጉት እዚሁ ነው። ውጊያው አስገራሚ ነው። ውቤ ድል ካደረጉ በኋላ ድላቸውን ሲያከብሩ ተማረኩ። ከዚያ ካሣ ኃይሉ ራስ ዓሊን በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ድል ነሥተው፣ ብዙም ሳይቆይ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ፣ ደብረ ታቦር የእርሳቸውም ከተማ ሆነች። አፄ ዮሐንስም ይቀመጡባት ነበር፤ እንግሊዛዊው ጎርደን በ1872 ዓ.ም. ንጉሡን ያገኛቸው እዚሁ ነው። ይህን ሁሉ ታሪክ የተሸከመች ከተማ ዛሬ ስትታይ ትሑት ናት፤ ባጃጅ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ጥምቀት የሚከበርበት ሰፊው የአጅባር ሜዳ።

ገበያውን ግን አትለፉት። እኔ ገበያ ስገባ ባለቤቴ ሰዓቱን ያያል፤ ይህ ለሃያ ዓመት የኖረ ልማዳችን ነው። ከጉና ግርጌ የመጣ ድንች በየጆንያው ተደርድሯል፤ ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ኑጉ፣ በቅል የመጣው ማር፣ ጀበናና ምጣድ፣ በቀለም የተሠራ ሰፌድ። ሰፌድ የምትሸጠው ልጅ ዋጋውን ስከራከራት፣ «እትዬ፣ ስፌቱን ቁጠሪውና ዋጋውን ራስሽ ንገሪኝ» አለችኝ። መቁጠር ጀመርኩ፤ ገና ሁለተኛው ዙር ላይ አቆምኩና የጠየቀችኝን ከፈልኩ። ሰፌዱ ዛሬ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጋፋት ከከተማው ወጣ ብላ ያለች ኮረብታ ናት። መንገድ የመሩን አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ ነበሩ። ስንደርስ በዱላቸው መሬቱን እየነኩ፣ «መድፉ የተሠራው እዚህ ነው» አሉን። ባለቤቴ «ፈረንጆቹ ናቸው የሠሩት አይደል አባቴ?» ሲላቸው ቅር አላቸው። «ፈረንጆቹ አሳዩ እንጂ ፈሙን ያነደደው፣ ወናፉን የነፋው፣ ጎትቶ የወሰደው ያገሬ ሰው ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ፈረንጆቹስ እነማን ነበሩ? የእኛ ሰዎች ናቸው ማለት ይቻላል። በኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ የነበረው ሳሙኤል ጎባት ቀደም ሲል በኢትዮጵያ ያገለገለ ሚስዮናዊ ነበር። በስዊዘርላንድ፣ በባዝል ከተማ አጠገብ ያለው የክሪሾና ትምህርት ቤት ደግሞ የእጅ ሙያ ያላቸውን ወጣቶች አስተምሮ ለወንጌል ሥራ ይልክ ነበር። አናጢ፣ አንጥረኛ፣ ግንበኛ ሆነው በገዛ እጃቸው እየሠሩ እንዲመሰክሩ ነው የታሰበው። አፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላ በነበሩት ዓመታት ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን፣ ቆይተውም ቫልድማየርና ዛልሙለር መጡ። ያመጡት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር፤ አቡ ሩሚ የተባለው የጎጃም ሰው በግብፅ ተቀምጦ የተረጎመውና እ.ኤ.አ. በ1840 ሙሉው የታተመው። የተፈቀደላቸው ግን በልክ ነበር። ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሰው እንዳያወጡ፣ ለቤተ እስራኤል ቢሰብኩም የሚያምኑት በዚያችው ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ ነበር ስምምነቱ።

ንጉሡ ደግሞ የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነበር። አገራቸውን አንድ ለማድረግ ተነሥተዋል፤ ዙሪያቸውን ጠላት ከቧቸዋል፤ ሙያ ያለው ሰው ይሻሉ። ጋፋትን ለሚስዮናውያኑ ሰጧቸው፤ ወጣቶችንም ሙያ እንዲማሩ ላኩላቸው። መጀመሪያ መንገድና ሠረገላ፣ ኋላም ጠመንጃ መጠገን፣ በመጨረሻ መድፍ። ሚስዮናውያኑ «አናውቅም» ብለው እንደነበርና፣ እሺ እስኪሉ ድረስ አገልጋዮቻቸው በሰንሰለት እንደታሰሩ ይተረካል። ሞክረው ከሸፈባቸው፤ ደግመው ሞከሩ፤ ተሳካላቸው። ከዚያ ሽልማቱ መጣ፤ ፈረስ፣ በቅሎ፣ የክብር ልብስ፣ ገንዘብ።

ባለቤቴና እኔ እዚያ ኮረብታ ላይ ሣሩ ላይ ተቀምጠን የተከራከርነው በዚህ ነው። እርሱ፣ «መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ መጥቶ መድፍ ማቅለጥ! ሰይፉ ማረሻ ይሆናል ያለውን ነቢይ ገለበጡት» አለ። እኔ ደግሞ፣ «ቤትህ የሚሠሩት ልጆች በሰንሰለት ሲታሰሩ ብታይ ምን ታደርግ ነበር?» አልኩት። ዝም አለ። ቀጥዬ የነገርኩት ግን እስከ ዛሬ የማምንበት ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝ ሰንሰለቱ ሳይሆን ፈረሱና የክብር ልብሱ ነው። ለሰንሰለት ሰው ይጸልያል። ለስጦታ ግን ያመሰግናል፣ ያመሰግናል፣ አንድ ቀን እንቢ ማለት ያቅተዋል። አገልጋይ ቤት የምትኖሩ እኅቶች ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

በጋፋት ትዳርም ነበር። ቫልድማየር ሱዛን ቤልን አገባ። አባቷ ጆን ቤል የንጉሡ ታማኝ ባለሟል ሆኖ ሊቀ መኳስ የተባለ እንግሊዛዊ፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት ናት። ባልና ሚስቱ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄደዋል። ቫልድማየር እ.ኤ.አ. በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት መሠረተ፤ በ1896 ደግሞ ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ለማቋቋም ተነሣ። መድፍ ያቀለጠው እጅ በስተርጅናው የሠራው ሥራ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ከጋፋት ሰዎች ሁሉ ከልቤ ያልወጣችው ፓውሊን ፍላድ ናት። አፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ በ1855 ዓ.ም. የላኩት ደብዳቤ መልስ አልመጣለትም። በዚህ ቁጣ ቆንስሉን ካሜሩንንና ሌሎችንም አሰሩ። ከዚያ በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. ንጉሡ ዮሐን ማርቲን ፍላድን ባለሙያዎች ይዞ እንዲመጣ ወደ እንግሊዝ አገር ላኩት። ሚስቱና ልጆቹ ግን ቀሩ፤ እንዲመለስ መያዣ ነበሩ። ፓውሊን አንድ ዓመት ገደማ ጠበቀች። የሩቅ አገር ደብዳቤ በወራት በሚደርስበት ዘመን፣ የንጉሥ ቁጣ በየቀኑ በሚለዋወጥበት አገር፣ ልጆች እያሳደገች።

ፍላድ እንግሊዝ አገር ደረሰ፤ መልእክቱን አደረሰ። የእንግሊዝ መንግሥትም እስረኞቹ ካልተፈቱ ባለሙያዎቹን አልሰጥም አለ። ባዶ እጁን መመለስ ማለት ምን እንደሚያስከትል ያውቃል። አውሮፓ ቢቀር ማንም አይደርስበትም ነበር። በ1859 ዓ.ም. ክፉውን ወሬ ይዞ ተመለሰ። ባለቤቴን «ትመለስ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። ወዲያው አልመለሰልኝም። ቸኩሎ «አዎን» ቢለኝ ኖሮ ባላመንኩት ነበር። ትንሽ ቆይቶ፣ «አንቺስ ተመለስ ብለሽ ትጸልዪ ነበር ወይስ አትምጣ ብለሽ?» አለኝ። ይህን ለእናንተም ትቼዋለሁ፤ ማታ ልጆች ሲተኙ ተነጋገሩበት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከትምህርት ቤት ታውቁታላችሁ። ጎንደር በ1859 ዓ.ም. ተቃጠለች። በ1860 መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርንም አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። የጋፋት ሰዎች የሠሩት ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ያህል ይመዝን ነበር፤ ስሙን ያገኘው በክሪሚያ ጦርነት ከተከበበችው ከተማ ነው። አምስት መቶ ያህል ሰው እየጎተተው፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ እያስጠረጉ፣ በጋይንት፣ በጨጨሆ አድርገው፣ የጅጣንና የበሸሎን ገደል ወርደው ወጥተው፣ ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው። ከወዲያ በኩል ደግሞ የናፒየር ጦር ከሕንድ፣ ከቦምቤይ፣ 44 ዝሆኖች ይዞ ይመጣ ነበር። በስቅለት ዕለት አሮጌ ላይ ተዋጉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ አፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ፓውሊንና ፍላድ ልጆቻቸውን ይዘው ከእስረኞቹ ጋር ወጡ። በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ስናየው ያደግነው መድፍ ቅጂው ነው። ዋናው ዛሬም መቅደላ ላይ ነው።

ለመሄድ የምታስቡ፣ መንገዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኛ ከሄድን ወዲህ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮም ክልሉ በግጭት ውስጥ አልፏል። እዚያ ዘመድ ያለው ለዘመዱ ይደውል። ስትሄዱም በበጋ ይሁን፤ በክረምት ጭቃው አያስወጣም። ጋፋት ላይ ሱቅም ጥላም ስለሌለ ውኃና ጃንጥላ ያዙ። ለመንገድ መሪያችሁ አዛውንትም ከያዛችሁት ዳቦ አካፍሏቸው፤ ስለ ወናፉ የነገሩንን ለእናንተም ይነግሯችኋል።